አኒሜ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ መጨረሻውን ጠይቁ

«አኒሜ ልጀምር ነው፤ ከየቱ ልጀምር?» ስለ አኒሜ፣ ማለትም ስለ ጃፓን አኒሜሽን ፊልሞች፣ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ድሮ መልሴ አንድ ነበር፤ ናሩቶ። እኔ መጀመሪያ የወደድኩት እሱን ነዋ። ታናሽ እህቴ ስትጠይቀኝም ያንኑ መለስኩላት። ተግታ ማየት ጀመረች። አንድ ቀን ግን ስልኳን አስቀመጠችና «ይሄ ነገር የሚያልቀው መቼ ነው?» አለችኝ። ቆጥሬ ነገርኳት። ናሩቶ 220 ክፍል አለው። ተከታዩ ሺፑደን ደግሞ 500። ባንድ ላይ 720 መሆኑ ነው። አንዱ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሳትተኛና ሳትነሳ ብታይ 12 ቀን ሙሉ ማለት ነው። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አኒሜ የሚባል ነገር አላየችም።

እስከዛሬ ይቆጨኛል። እህቴ ታሪክ የምትወድ ሰው ናት። ጥሩ ታሪክ ስታገኝ እንቅልፍ የላትም። ያራቃት አኒሜው አልነበረም፤ የእኔ ምርጫ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ውጊያው ማማር ወይም ስለ ሥዕሉ ጥራት አላወራም። መጀመሪያ የማነሳው ሌላ ነገር ነው። ይህ ታሪክ አልቋል? ካለቀስ በወጉ ነው ያለቀው ወይስ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ? እዚያ ለመድረስስ ስንት ሰዓት ይጠይቃል? ከታች የማወዳድራቸውን ሁሉ አይቻቸዋለሁ። የምሰጠውም የራሴን ፍርድ ነው፤ የሚከፋው አድናቂ እንዳለ አውቃለሁ። ማን ሞተ፣ ማን ከዳ የሚለውን አልነግራችሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጨረሻው ለምን ይበላሻል?

አብዛኛው አኒሜ የሚሠራው ከማንጋ ነው። ማንጋ በሥዕል የሚነገር የጃፓን ታሪክ ሲሆን፣ ታዋቂዎቹ ብዙ ጊዜ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አንድ አንድ ምዕራፍ እያሉ ይወጣሉ። አንዱ ምዕራፍ ሃያ ገጽ ቢሆን ነው። የአኒሜ አንድ ክፍል ግን ሁለት ምዕራፍ፣ አንዳንዴም ሦስት፣ ባንዴ ይጨርሳል። ሁለቱም በየሳምንቱ ከወጡ አኒሜው ማንጋውን መድረሱ አይቀርም። ደራሲው ገና ያልጻፈውን ታሪክ አኒሜው ከየት ያመጣዋል?

እዚህ ላይ ስቱዲዮዎቹ ከአራት አንዱን ያደርጋሉ። አንደኛው ፊለር ነው፤ ማንጋው ላይ የሌለ ታሪክ ፈጥረው ደራሲው እስኪርቅ ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ያለውን እንደ ማስቲካ መሳብ ነው። ሦስተኛው የራስን መጨረሻ መፍጠር ነው። አራተኛው አሁን አሁን የተለመደው ነው፤ 12 ወይም 24 ክፍል ያህል ሠርተው ያቆማሉ፣ ማንጋው ሲገፋ በአዲስ ሲዝን ይመለሳሉ። ይህን ካወቃችሁ፣ አኒሜ ወዳጆች ሲከራከሩ ስለምን እንደሚከራከሩ ግማሹ ይገባችኋል።

ናሩቶ ወይስ ዋን ፒስ?

ሁለቱም ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው ልጅ ይጀምራሉ። ናሩቶ የመንደሩ መሪ፣ ሆካጌ፣ መሆን ይፈልጋል። የዋን ፒሱ ሉፊ ደግሞ የባሕር ወንበዴዎች ንጉሥ። ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ሁለቱም ሲበሉ ጉድ ያሰኛሉ፣ ሁለቱም ጓደኛ ከተነካባቸው አይመለሱም። ልዩነታቸው ማንጋው ላይ ሲደርሱ ያደረጉት ነገር ነው።

ናሩቶ ፊለር መረጠ። የመጀመሪያው ናሩቶ ላይ ከክፍል 136 እስከ 219 ያለው ሁሉም ፊለር ነው ማለት ይቻላል። ሰማንያ ምናምን ክፍል! እኔ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፤ እናንተ እንድታዩ ግን አልመክርም። 135ን ጨርሳችሁ 220ን እዩና ወደ ሺፑደን እለፉ። ከዋናው ታሪክ አንዲት ነገር አትጎድልባችሁም። ሺፑደን ላይ ችግሩ ይከፋል። ትልቁ ጦርነት መሃል ላይ፣ ልባችሁ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ድንገት ወደ ልጅነት ትዝታ ይወስዳችኋል። የፊለር ዝርዝር ከጎናችሁ አድርጋችሁ ካላያችሁ ትበሳጫላችሁ።

ዋን ፒስ መሳብን መረጠ። አኒሜው የጀመረው በ1999 ሲሆን ከ1,100 ክፍል በላይ ሆኗል። አሁንም አላለቀም። በኋለኞቹ ዓመታት አንዱ ክፍል አንድ የማንጋ ምዕራፍ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። መጀመሪያ ረጅሙ መክፈቻ ዘፈን ይመጣል። ከዚያ ያለፈው ሳምንት ክለሳ። ከዚያ ሉፊ ቡጢውን ወደ ኋላ ይስባል። ቡጢው ከማረፉ በፊት በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ በየተራ አፉን ከፍቶ ይደነግጣል። ወንበዴው ይደነግጣል። ወታደሩ ይደነግጣል። ከሩቅ የሚያየው አሣ አጥማጅ ሳይቀር ይደነግጣል። «ኧረ ምታው!» ብዬ ስክሪኑ ላይ የጮኽኩበት ቀን ብዙ ነው።

ግን እውነቱን ልናገር። ከሁለቱ ትልቁ ዓለም የዋን ፒስ ነው። ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ ማንጋውን የጀመረው በ1997 ነው። መጀመሪያ ላይ ጣል ያደረጋት ትንሽ ነገር ከስንት መቶ ምዕራፍ በኋላ ተመልሳ ስትመጣ እጅ በአፍ ታስጭናለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ደራሲ ሌላ አላውቅም።

እንዴት ትመርጣላችሁ? ሁለቱም መፈተኛ አላቸው። ናሩቶን ከወሰዳችሁ እስከ ክፍል 19 እዩ። ዛቡዛና ሃኩ የሚባሉት ጠላቶች ታሪክ የሚዘጋው እዚያ ነው። ድልድዩ ላይ በረዶ ሲወርድ ምንም ካልተሰማችሁ ቀሪው 700 ክፍል አይለውጣችሁም፤ በሰላም ተዉት። ዋን ፒስን ከወሰዳችሁ እስከ ክፍል 44 ታገሡ። ከ31 ጀምሮ ያለው የሉፊ ጓደኛ የናሚ መንደር ታሪክ ነው። ሉፊ ለማንም የማይሰጠውን የገለባ ኮፍያውን ናሚ ራስ ላይ ደፍቶላት ወደ ውጊያው የሚሄድበት ትዕይንት አለ። እኔን የማረከኝ እሱ ነው። የወደደ ማንጋውን ማንበብ ይችላል፤ እዚያ ሉፊ ቡጢውን ሲሰነዝር ገጹን ገልጣችሁ ማረፉን ወዲያው ታያላችሁ። ዊት ስቱዲዮም ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስቶ እንደ አዲስ ሊሠራው እንደሆነ በ2023 ተነግሯል። መጠበቅ የምትችሉ ከሆነ ጠብቁ።

ለጀማሪ ግን ሁለቱንም አልመክርም። ይህን ስል ሁለቱንም እየወደድኳቸው ነው።

ሁለቱ ፉልሜታል አልኬሚስት

አሁን ለእህቴ መጀመሪያ መስጠት የነበረብኝ ላይ ደረስን። ኤድዋርድና አልፎንስ ወንድማማቾች ናቸው። የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ፣ አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ፣ ሊያስነሱ ይሞክራሉ። አልተሳካም። ኤድዋርድ እጁንና እግሩን፣ አልፎንስ ደግሞ መላ አካሉን ያጣል። የአልፎንስ ነፍስ ባዶ የብረት ጥሩር ውስጥ ታስራ ትቀራለች። ታሪኩ የጠፋውን ለመመለስ የሚያደርጉት ጉዞ ነው።

ይህ ታሪክ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ ሁለቱንም የሠራው ቦንስ የሚባል ስቱዲዮ ነው። የመጀመሪያው በ2003 ወጣ፤ 51 ክፍል ነው። የሂሮሙ አራካዋ ማንጋ ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር አኒሜው መሃል ላይ የራሱን መንገድ ይዞ የራሱን መጨረሻ ፈጠረ። ሁለተኛው ብራዘርሁድ ይባላል፤ ከ2009 እስከ 2010 የወጣ 64 ክፍል ነው። ማንጋውም በዚያው በ2010 አለቀ። ብራዘርሁድ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። መጀመሪያ ላይ የተዘራች ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ ትታጨዳለች።

ታዲያ ብራዘርሁድ ይበልጣል? አዎ፣ ለእኔ ይበልጣል። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ አጀማመሩ ይቸኩላል። የሠሩት፣ ሰው ሁሉ የ2003ቱን ያየ ይመስል፣ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች እየሮጡ ያልፏቸዋል። ኒና የምትባል ትንሽ ልጅ ከነውሻዋ አለች። ብራዘርሁድ ላይ ታሪኳ በአንድ ክፍል፣ በአራተኛው፣ ይመጣና ያልቃል። የ2003ቱ ላይ ግን ከእሷ ጋር ትቀመጣላችሁ፤ ስትጫወት ታያላችሁ፤ ትለምዷታላችሁ። ከዚያ የሚሆነው ሲሆን አንጀት ይበላል። ላገኘው ሰው ሁሉ የሴት ልጁን ፎቶ እያወጣ የሚያሳይ ሂዩዝ የሚባል መኮንንም አለ። እሱንም የ2003ቱ የበለጠ ጊዜ ይሰጠዋል።

ሌላው ቅሬታዬ ቀልዱ ላይ ነው። ብራዘርሁድ ልብ በሚሰብር ትዕይንት አጠገብ ድንገት ገጸ ባሕርያቱን ድንክ አድርጎ ይስላቸዋል። ኤድዋርድን «አጭር» ያለው ሰው ሲገኝማ ቤት ይፈርሳል። አርምስትሮንግ የሚባለው ሻለቃ ደግሞ በትንሹም በትልቁም ሸሚዙን እየቀደደ ጡንቻውን ያሳያል፤ ዙሪያውን ከዋክብት ይብለጨለጫሉ። መጀመሪያ ላይ አላስቻለኝም ነበር። እየቆየ ግን አርምስትሮንግ ከሁሉም ሆደ ባሻው ሰው መሆኑን ሳይ ወደድኩት።

የእኔ ምክር ብራዘርሁድን መጀመሪያ ማየት ነው። ከወደዳችሁት ከዓመት በኋላ የ2003ቱን እዩ። መንፈሱ የጨለመ፣ ጥያቄው ሌላ ነው። ታሪኩን ለመዝጋትም በ2005 የወጣ ፊልም ጨምራችሁ ማየት አለባችሁ። እህቴን ወደ አኒሜ የመለሳት ብራዘርሁድ ነው። 64ኛውን ክፍል የጨረሰች ሌሊት ደውላ ቀሰቀሰችኝ። እንቅልፌን ስላጣሁ አልተከፋሁም።

ሀንተር ኤክስ ሀንተርም ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ በ1999 እና በ2011። ባጭሩ የ2011ን ውሰዱ። ማድሃውስ የሚባል ስቱዲዮ የሠራው 148 ክፍል ነው፤ ፊለር የለውም ማለት ይቻላል። ጎን የሚባለው ልጅ አባቱን ፍለጋ ከደሴቱ ይወጣል፤ አኒሜውም ያንን ፍለጋ ዳር አድርሶ ይቆማል። ማንጋው ራሱ አላለቀም። ደራሲው ዮሺሂሮ ቶጋሺ በጤናው ምክንያት እየደጋገመ ያቋርጣል። አኒሜው ግን የቆመበት ቦታ ያረካል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ከክፍል 76 ጀምሮ ያለው የኪሜራ ጉንዳኖች ታሪክ 61 ክፍል ይወስዳል። ተራኪው ብዙ ያወራል፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደረጃ የመውጣቱ ነገር አያልቅም። ያም ሆኖ ስለ ሰው ልጅ ክፋትና ደግነት ይህን ያህል የገፋ የወጣቶች አኒሜ አላየሁም። ከዚህ መሃል አትቁረጡት።

ዴዝ ኖት ወይስ ሞንስተር?

«አኒሜ የልጆች ካርቱን ነው» የሚል ሰው ካለባችሁ፣ ሁለቱም መልስ ናቸው። ሁለቱንም የሠራው ማድሃውስ ነው። ሁለቱም ስለ ነፍስ መግደልና ስለ ፍትሕ ናቸው። አካሄዳቸው ግን የሩጫና የእግር መንገድ ያህል ይለያያል።

ዴዝ ኖት ሩጫው ነው። 37 ክፍል፤ 15 ሰዓት ገደማ። ላይት የሚባል ጎበዝ ተማሪ አንድ ደብተር ያገኛል። የሰው ስም ሲጽፍበት ያ ሰው በ40 ሰከንድ ውስጥ በልብ ሕመም ይሞታል። ላይት ወንጀለኞችን እየገደለ ዓለምን ላጽዳ ይላል። ኤል የሚባል መርማሪ ሊይዘው ይነሳል። ኤል ወንበር ላይ ቁጢጥ ብሎ የሚቀመጥ፣ ከኬክና ከከረሜላ ሌላ የማይበላ ሰው ነው። የሁለቱ ፉክክር ልብ ያንጠለጥላል።

ስምንተኛው ክፍል ላይ ያለውን አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። የላይት ክፍል ውስጥ ካሜራ ተተክሎበታል። እሱ ግን የድንች ቺፕስ ከረጢት ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ደብቋል። በቀኝ እጁ የቤት ሥራ እየሠራ፣ በግራ እጁ ከረጢቱ ውስጥ ስም ይጽፋል። ከዚያ አንዲት ቺፕስ ያነሳል። ሙዚቃው ያስገመግማል፤ ካሜራው ይሽከረከራል። ጎራዴ የመዘዘ ነው የሚመስለው። ይበላታል። ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ደግሞ ላቤ ይመጣል። የዴዝ ኖት ጉልበቱ ይህ ነው። ትንሿን ነገር የሞት ሽረት ያደርጋታል።

ድክመቱም መነገር አለበት። ከክፍል 25 በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። አዲስ የሚገቡት ተፎካካሪዎች የበፊቱን ያህል አይመዝኑም። ሴቶቹንም በወጉ አልጻፏቸውም፤ ላይትን የምታፈቅረው ሚሳ ከዚያ የተሻለ ይገባት ነበር። የመጨረሻው ክፍል ግን ያካክሳል። ላይት በምሽት ብርሃን እየሮጠ የሚያልፍበት መንገድ ከዓይኔ አይጠፋም።

ሞንስተር የእግር መንገዱ ነው። ከ2004 እስከ 2005 የወጣ 74 ክፍል ነው። የናኦኪ ኡራሳዋን ማንጋ ጠብቆ ሄዶ በወጉ ይጨርሳል። ቴንማ ዱሰልዶርፍ፣ ጀርመን ውስጥ የሚሠራ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። አንድ ሌሊት ጭንቅላቱን በጥይት የተመታ ልጅ ይመጣለታል። የሆስፒታሉ ኃላፊ ልጁን ትቶ የከተማውን ከንቲባ እንዲያክም ያዘዋል። ቴንማ ቀድሞ የመጣውን ልጅ ያክማል፤ ልጁ ይድናል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያ ያዳነው ልጅ ገዳይ ሆኖ ያገኘዋል።

«ሁሉም ሕይወት እኩል ነው» ብሎ ያመነ ሐኪም አሁን ምን ያድርግ? ሞንስተር ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ብዙ ክፍሎች ላይ ቴንማ የሚያልፍበት ሰው ብቻ ነው። ክፍሉ የሚሆነው የአንዲት አሮጊት፣ የአንድ ጡረተኛ ፖሊስ፣ የአንድ ሰካራም ታሪክ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። እስከ ክፍል አምስት ካያችሁ ለእናንተ መሆን አለመሆኑን ታውቁታላችሁ።

ለጀማሪና ለቅዳሜ እሑድ ዴዝ ኖት። ልብ ወለድ ማንበብ ለሚወድ፣ በቀን አንድ ክፍል እያየ ለሚቀጥል ሰው ሞንስተር። ለእኔ የሚበልጠው ሞንስተር ነው፤ ብዙም አያከራክረኝም።

ዋን ፓንች ማን ወይስ ሞብ ሳይኮ?

ሁለቱም ዋን በሚል የብዕር ስም ከሚጽፍ አንድ ደራሲ የመጡ ናቸው። ሁለቱም ከማንም በላይ ጉልበት ስላለው፣ ጉልበቱ ግን ምንም ስላላስደሰተው ሰው ናቸው።

የዋን ፓንች ማኑ ሳይታማ ማንንም በአንድ ቡጢ ይጥላል። ስለዚህ ሕይወት ሰለቸችው። ሦስተኛው ክፍል ላይ አስፈሪ ጭራቅ ጋር ተፋጦ ሳለ ሳይታማ በድንጋጤ ይጮኻል። ጭራቁ ደስ ይለዋል። ሳይታማን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ ሱፐርማርኬቱ ቅናሽ ያለበት ቀን መሆኑ ትዝ ብሎት ነው። የ2015ቱ የመጀመሪያ ሲዝን 12 ክፍል ነው፤ ማድሃውስ ሠራው፤ ሲያዩት አፍ ያስከፍታል። ሁለተኛው ሲዝን በ2019 ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሄደ። ውጊያው ደነዘዘ። ያንን ያህል የተንቀሳቀሰ ሥዕል ካየ በኋላ ዓይን አይሞኝም።

ሞብ ሳይኮ በተቃራኒው በሦስት ሲዝን፣ በ37 ክፍል፣ ከ2016 እስከ 2022 በአንድ ስቱዲዮ ተሠርቶ አለቀ። ሞብ ዓይን አፋር ተማሪ ነው። ሕንፃ በሐሳቡ መንቀል ይችላል፤ የሚፈልገው ግን በእግሩ ሮጦ አለመውደቅን ነው። አለቃው ሬይገን መናፍስት አስወጣለሁ እያለ ገንዘብ የሚቀበል አጭበርባሪ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ መንፈሱ ላይ ጨው ይበትናል፤ የማዕድ ቤት ጨው! ምንም አይሠራም። ይህ ውሸታም ሰው ግን ልጁን «ጉልበት ስላለህ ከሌላው አትበልጥም» ብሎ የሚያሳድገው ነው። ሬይገንን ያህል የምወደው የአኒሜ ገጸ ባሕርይ የለኝም። ሥዕሉ መጀመሪያ ሲያዩት የልጅ ሥዕል ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት የተዉት ሰዎች አሉ። እባካችሁ አትተዉት።

የሁለት ቀን ሳቅ የፈለገ የዋን ፓንች ማንን የመጀመሪያ ሲዝን ይይ፤ እዚያም ያቁም። ለሌላው ሁሉ ሞብ።

የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁ

ግማሹን ብቻ የምመክራቸው አሉ። ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን፣ 12 ክፍል፣ በ2019 ሲወጣ ትንፋሽ አሳጥቶኝ ነበር። ልጆች የሚያድጉበት ቤት አለ፤ «እማ» የሚሏት ሴት አለች፤ የማይታለፍ በር አለ። ልጆቹና እማ አንዳቸው የሌላውን ሐሳብ ለመስረቅ ፈገግ እያሉ የሚፋጠጡበት ነገር ከጦርነት ይከብዳል። ሁለተኛው ሲዝን በ2021 መጣ። የማንጋውን ትልልቅ ታሪኮች ዘለለ። የመጨረሻውን የብዙ ዓመት ታሪክ በተከታታይ ፎቶ አሳይቶ ዘጋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። 12ኛው ክፍል ላይ አቁሙ። ቀሪውን ማንጋው ላይ አንብቡ፤ በ20 ቅጽ አልቋል።

ኢቫንጌልዮን ሌላ ነገር ነው። በ1995 የጀመረ 26 ክፍል ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ አኖ ነው። ሮቦት ውስጥ ገብቶ እንዲዋጋ የሚገደድ፣ አባቱ ፊት የነሳው ልጅ ታሪክ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ውጊያውን ትተው የልጁ ጭንቅላት ውስጥ ይገባሉ። በወቅቱ ብዙ ሰው ተቆጣ። በ1997 ሌላ መጨረሻ የያዘ ፊልም ወጣ። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያ አኒሜያችሁ አድርጋችሁ አትጀምሩት። ልባችሁ ከብዶ ባለበት ሰሞንም አትዩት። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

የሐሩሂ ሱዙሚያን ነገርስ? በ2009 በወጣው ሲዝን ገጸ ባሕርያቱ በበጋ ዕረፍታቸው መጨረሻ ላይ ያንኑ ሁለት ሳምንት እየደጋገሙ ይኖራሉ። ኪዮቶ አኒሜሽን ይህን በስምንት ክፍል አሳየው። ስምንቱም አንድ ታሪክ ናቸው! ያው የዋና ገንዳ፣ ያው ርችት፣ ያው ንግግር። ልብሳቸው ይቀየራል፤ ሥዕሉም ድምፁም በየክፍሉ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ድካሙን አከብራለሁ። በየሳምንቱ ጠብቀው ያዩትን ሰዎች ሳስብ ግን አዝናለሁ። የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውንና ስምንተኛውን እዩ፤ ይበቃል።

ዲመን ስሌየር ወይስ ፍሪረን?

በሥዕል ውበት ዲመን ስሌየርን የሚወዳደር ጥቂት ነው። ዩፎቴብል የሚባል ስቱዲዮ በ2019 የሠራው የመጀመሪያው ሲዝን 26 ክፍል ነው። ታንጂሮ ቤተሰቡን ያጠፋ ጋኔን ያሳድዳል፤ ጋኔን የሆነች እህቱን በሳጥን ተሸክሞ ይዞራል። 19ኛው ክፍል ላይ የሙዚቃውና የእሳቱ መገናኘት ብቻውን ያስኬዳል። ታሪኩ ግን ቀላል ነው፤ ጋኔን ይመጣል፣ ይዋጉታል፣ ሲሞት የልጅነቱን ሐዘን ያሳየናል፣ ቀጣዩ ይመጣል። ዜኒትሱ የሚባለው ልጅ ደግሞ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ተኝቶ ሲዋጋ ጎበዝ ነው፤ ሲነቃ ግን ድምፁን ቀንሱ። ሙገን ባቡር የተባለው ታሪክ በፊልምም በሰባት ክፍልም ስላለ ሁለቱንም ማየት አያስፈልግም። ፊልሙን ምረጡ።

ፍሪረን የሚጀምረው ሌሎች በሚጨርሱበት ነው። አራት ጀግኖች የጋኔኖቹን ንጉሥ አሸንፈው ይመለሳሉ። ጉዟቸው አሥር ዓመት ፈጅቷል። ፍሪረን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የኖረች ኤልፍ፣ ማለትም ዕድሜዋ እጅግ የረዘመ የተረት ፍጡር፣ ናት፤ ለእሷ አሥር ዓመት የእሑድ ከሰዓት ያህል ነው። «ሃምሳ ዓመት ቆይቼ እመጣለሁ» ብላ ትሄዳለች። ስትመለስ የጉዞው መሪ ሂመል አርጅቶ፣ ራሱ ተመልጦ፣ ጢሙ ነጭቶ ትደርሳለች። ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ቀብሩ ላይ ቆማ «አሥር ዓመት ብቻ ነው የማውቀው፤ ለምን የበለጠ ላውቀው አልሞከርኩም?» እያለች ታለቅሳለች። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ጸጥ ያለ ነው። ይህቺ ታላቅ አስማተኛ ሣጥን ባየች ቁጥር ወጥመድ ነው እየተባለች ትከፍታለች፤ ሣጥኑ ይነክሳታል፤ እግሯ ውጭ ቀርቶ «ጨለማ ነው! ፈራሁ!» ትላለች። ተማሪዋ ፈርን ተናዳ ትጎትታታለች። የመጀመሪያው ሲዝን 28 ክፍል ነው። ታሪኩ ገና ይቀጥላል፤ ይህ ከመመዘኛዬ ጋር ይጋጫል። ነገር ግን እያንዳንዱ መንደር የራሱን ነገር እየዘጋ ስለሚሄድ ተንጠልጥዬ ቀረሁ አትሉም። ወላጅ ወይም ወዳጅ የቀበረ ሰው ሲያየው ይገባዋል።

ጉልበትና እሳት ካማራችሁ ዲመን ስሌየር፤ ሆዳችሁ በባባ ጊዜ ፍሪረን።

ጊዜ ለሌለው ሰው

በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ የሚያይ ሰው ረጅም ታሪክ ሲይዝ ስሙም ፊቱም ይጠፋበታል። ለእሱ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚቆም ያስፈልገዋል። የሙሺሺ የመጀመሪያ ሲዝን 26 ክፍል ነው፤ ከየትኛውም መጀመር ይቻላል። ጊንኮ የሚባል ሰው ከመንደር መንደር እየዞረ ለዓይን በማይታዩ ፍጡራን የታመሙትን ይረዳል። ውጊያ የለም፤ ጠላትም የለም።

ከእሱ ቀጥሎ ካውቦይ ቢቦፕ። በ1998 የወጣ የሺንኢቺሮ ዋታናቤ ሥራ ነው፤ 26 ክፍል፣ አሥር ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። በጠፈር መርከብ ወንጀለኛ እያሳደዱ የሚኖሩ፣ ሁሌ ኪሳቸው ባዶ የሆነ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ጄት ስጋ በቃሪያ ሠርቻለሁ ብሎ ያቀርባል። ስፓይክ ሲያየው ስጋ የለበትም። «ገንዘብ ሲጠፋ እንዲህም ይባላል» ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። የዚያው ዳይሬክተር ሳሙራይ ቻምፕሉም ጥሩ ነው፤ ሂፕ ሆፕና ሳሙራይ ተዋሕደውበታል። ሁለቱን አንድ ላይ ካስቀመጣችሁልኝ ግን ቢቦፕን አነሳለሁ። የዮኮ ካኖ ሙዚቃ ነው የሚያስመርጠኝ። በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፤ መብራቱን አጥፉ። አምስተኛው ክፍል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የመስታወት መስኮት ሲሰበር ድምፁን ከፍ አድርጉት።